ሄክል፣ ሞንከ ወይስ አዲስ? የጀርመን ሮታሪ ትራምፔት ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬስደን፣ ጀርመን ውስጥ በሄክል ቤት የተሠራ አሮጌ ትራምፔት ለሽያጭ ወጥቶ አይታችሁ ልባችሁ ከሸፈተ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። «ሄክል ልግዛ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። ከምን ጋር ሲነጻጸር? ሌላው የጀርመን ሠሪ፣ የኮሎኙ ሞንከ አለ። ሄክልን መነሻ አድርገው ዛሬ የሚሠሩ አዳዲሶች አሉ። ረከስ ያሉ የቼክና የምሥራቅ ጀርመን መሣሪያዎች አሉ። እጃችሁ ላይ ያለው ባለ ፒስተን ትራምፔትም አለ። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ በየሳምንቱ ልምምድና መድረክ ላለበት ሰው በደንብ የተያዘ ሞንከ ወይም አዲስ ይሻለዋል። ሄክል የሚገባው ሌላ የሚሠራበት መሣሪያ ላለው፣ ድምፁን በጆሮው ሰምቶ፣ ቫልቩን (በጣት ሲጫን አየሩን ወደ ተጨማሪ ቱቦ የሚመራውን ክፍል) ፈትሾ፣ ቅኝቱን ለክቶ ለሚገዛ ሰው ነው። ስሙን አይቶ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ሁለቴ ነው የሚያወጣው፤ አንዴ ለሻጩ፣ አንዴ ለጠጋኙ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮታሪ ምንድን ነው?

አብዛኞቻችን ትራምፔት የተማርነው በፒስተን ነው። ጣት ሲጫን ፒስተኑ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሲለቀቅ ሞላው ይመልሰዋል። ሮታሪ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ነገር የለም። ክብ ቤት ውስጥ አጭር ሲሊንደር ተቀምጧል፤ ሮተር ይሉታል። ግራና ቀኙ ላይ ሁለት የአየር መተላለፊያ ተቦርቡሮለታል። መጫኛውን ስትነኩት ሮተሩ ሩብ ዙር ይዞራል፣ አየሩም ወደ ተጨማሪው ቱቦ ይታጠፋል። የጣቱ ጉዞ አጭር ነው። መሣሪያው የሚያዘውም በጎኑ ተኝቶ ነው፤ ግራ እጅ ከሥር ይሸከማል፣ የቀኝ እጅ ጣቶች ከላይ መጫኛዎቹ ላይ ያርፋሉ። ፒስተን ለለመደ ሰው መጀመሪያ አካባቢ አንጓው ላይ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ቶሎ ይለመዳል።

ታሪኩ አጭር ነው። ሽቶልትዘልና ብሉመል የሚባሉ ሁለት ጀርመኖች በ1818 በፕሩሲያ የመጀመሪያውን የቫልቭ ፓተንት አወጡ። በ1835 ዮሴፍ ሪድል ቪየና ላይ የሮታሪውን ፓተንት ያዘ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ፍራንሷ ፔሪኔ ዛሬ የምናውቀውን ፒስተን አመጣ። ከዚያ ወዲህ አውሮፓ ለሁለት ተከፈለች ማለት ይቻላል፤ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ ክፍል) ሮታሪውን ይዘው ቀሩ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ በኋላም አሜሪካ ወደ ፒስተኑ ሄዱ። የሚገርመው፣ ለአሜሪካ የኦርኬስትራ ትራምፔት ድምፅ መልክ የሰጠው የትራምፔት ሠሪ ቪንሰንት ባክ ራሱ ቪየና አጠገብ ባደን የተወለደ ኦስትሪያዊ ነበር።

ድምፁ ለምን ይለያል?

ብዙ ሰው ልዩነቱን ከቫልቩ ያመጣዋል። ቫልቩ ድርሻ አለው፣ ዋናው ግን ቱቦው ነው። ሮታሪ ላይ ቫልቮቹ ወደ ተጫዋቹ ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ፣ ስለዚህ ከቫልቩ በኋላ እየሰፋ የሚሄደው ክፍል ረዘም የማለት ዕድል ያገኛል። የቱቦው ውስጥ ስፋት ጠበብ ይላል፤ በጣም የተለመደው የባክ ፒስተን 11.66 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጀርመን ሮታሪዎች 11 አካባቢ ይዞራሉ። ቤሉ፣ ማለትም የሚከፈተው አፉ፣ በተቃራኒው ይሰፋል። የባኩ ቤል 122 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከሮታሪዎቹ ግን 130 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ብዙ ናቸው። ብረቱ ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ክራንስ የሚባል የኒኬል ሲልቨር ቀለበት ዙሪያውን ይታሰርበታል፤ ስሱን ብረት ያጠነክረዋል፣ ሲጮህም እንዳይበተን ይይዘዋል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ጆሮ ላይ ምን ይሆናል? በለስላሳው ስትነፉ ድምፁ ጠቆር፣ ሞላ ያለ ነው፣ ከፍሬንች ሆርንና ከትሮምቦን ጋር ይዋሃዳል። እየጨመራችሁ ስትሄዱ ቀስ በቀስ ይፈካል፣ ጥግ ላይ ሲደርስ አዳራሹን በሙሉ ይሞላል። ፒስተኑ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሮታሪው ወደ ጎንም ይሰፋል። የብሩክነር ሲምፎኒ ላይ ሦስት ትራምፔቶች ከሦስት ትሮምቦኖች ጋር ኮራል (እንደ መዝሙር ያለ ዝግ ያለ ዜማ) ሲያነሱ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ብራምስ ላይ ትራምፔቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቲምፓኒ (ከኦርኬስትራው ትልልቅ ከበሮዎች) ጋር ሆኖ ኦርኬስትራውን ከሥር ይደግፋል፣ ጎልቶ ከወጣ ሁሉን ያበላሻል፤ እዚያ ሮታሪው በቦታው ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች በፒስተን እየኖሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ ሮታሪ የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋም ያስከፍላል። ከፍተኛዎቹ ኖታዎች ፒስተን ላይ እንዳሉት ተቆልፈው አይጠብቋችሁም። ከላይኛው ላ ወደ ላይ ስትሄዱ መንሸራተት አለ። ስለዚህ ነው ብዙ ሮታሪዎች ላይ ትንንሽ ቁልፎች የሚጨመሩት፤ በግራ እጅ ሲከፈቱ ቱቦው ላይ ያለች ጥቃቅን ቀዳዳ ትከፈትና ላይኛው ላ ወይም ዶ ተረጋግቶ ይወጣል። ስትገዙ ቁልፍ አለው የለውም የሚለውን እንደ ጌጥ አትዩት። ለሥራ ከሆነ ይጠቅማል።

ሄክል፦ ድሬስደን

የሄክል ቤት ድሬስደን ላይ የተከፈተው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። መሥራቹ ዮሃን አዳም ሄክል ይባላል። ከእሱ ልጁ ፍሪድሪክ አልዊን ተረከበ። ገበያ ላይ የምታገኟቸው ትራምፔቶች ላይ በብዛት የሚነበበው የልጁ ስም ነው፤ ቤሉ ላይ «ኤፍ. ኤ. ሄክል፣ ድሬስደን» ተብሎ በላቲን ፊደል ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። ከዚያም ሥራው ወደ ልጅ ልጅ ወረደ፣ በኋላ ደግሞ ቪንዲሽ የሚባል ባለሙያ ቤቱን ወረሰ። ቪንዲሽ የሚል ስም ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ የዚያው እጅ ቀጣይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሌላ ሄክል አለ፤ ቪስባደን ውስጥ ቢብሪሽ የሚገኘውና ባሱን በሚባለው የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ ዓለም ያወቀው። ሻጮች ሁለቱን ሲያምታቱ ይታያል፣ «የታዋቂው የባሱን ሠሪ ትራምፔት» ተብሎ ሲጻፍ ተመልክቻለሁ። እንዲህ የሚጽፍ ሻጭ ስለያዘው ዕቃ ብዙ አያውቅም ማለት ነው። አንዳንዴ ለገዢ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ይጎዳል።

ድሬስደን ያኔ ምን ዓይነት ከተማ እንደነበረች አስቡት። የሪቻርድ ሽትራውስ «ሳሎሜ» በ1905፣ «ኤሌክትራ» በ1909፣ «ሮዘንካቫሊየር» በ1911 ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት እዚያው ኦፔራ ቤት ነው። ለትራምፔት ከባድ ሥራ ነበር። የሄክል ትራምፔት የተሠራው በዚህ ዓይነት ሙዚቃ መሃል ነው። ስሙን ዓለም ያወቀው ግን በቪየና በኩል ነው። የቪየና ፊልሃርሞኒክ ትራምፔተኞች ለአሥርት ዓመታት ሄክል ነፉ፤ ዛሬ «የቪየና ድምፅ» የሚባለው የትራምፔቱ ክፍል መሠረቱ ጀርመን ውስጥ ድሬስደን ላይ የተሠራ መሣሪያ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

እጃችሁ ላይ ስታደርጉት ቅልል ይላል። በጣም ቅልል። ትንሽ አየር ይበቃዋል፣ ወዲያው ይመልሳል። ድምፁ ውስጥ ብርማ የሆነ ነገር አለ፣ ጠቆር ካለው ሥር ላይ የሚያበራ። በጣም ከገፋችሁት ግን ድንበሩ ቶሎ ይመጣል፣ ይሰነጠቃል። በአሜሪካ ትልልቅ ፒስተኖች በኃይል መንፋት የለመደ ሰው ሄክል ላይ መጀመሪያ ይበሳጫል። መሣሪያው የሚፈልገው ትዕግሥት ነው፣ ገፊ ሳንባ አይፈልግም። እኔ ከሁሉም ድምፅ ይህን እመርጣለሁ፤ ለሥራ ግን ከሁሉም ይህን ምረጡ እያልኩ አይደለም።

ሞንከ፦ ኮሎኝ

ዮሴፍ ሞንከ ኮሎኝ ላይ ሥራ የጀመረው በ1922 ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የምዕራብ ጀርመን ኦርኬስትራዎች ውስጥ ሞንከ በብዛት የሚታይ ትራምፔት ሆነ። ያንን ዘመን የጀርመን ኦርኬስትራ ቀረጻ ስታዳምጡ፣ ጆሯችሁ ውስጥ የሚገባው ጥቅጥቅ ያለ የትራምፔት ድምፅ ብዙ ጊዜ የዚህ ቤት ነው።

ከሄክል ጋር ሲተያይ ሞንከ ከበድ ይላል፣ መሃሉ ጠንካራ ነው። ኖታው የት እንዳለ ይነግራችኋል። ፎርቲሲሞ (በጣም ጮክ የሚባልበት) ላይ ገፋ አድርጋችሁ ብትነፉት ይችላል፣ አይበተንም። የሄክልን ያንን ብርሃን ግን አትጠብቁበት። ሞንከ ቀለሙ አንድ ወጥ ነው፣ ሄክል ግን በእያንዳንዱ የድምፅ መጠን ቀለሙን ይለውጣል። የትኛው ይሻላል? ሦስት ሰው ሆናችሁ አንድ ላይ የምትነፉ ከሆነ፣ ከአንዱ ልምምድ ወደ ሌላው የምትሮጡ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ከቅዝቃዜ ገብታችሁ ቁጭ እንዳላችሁ መንፋት ካለባችሁ፣ ሞንከ። ያገለገለ ሞንከ ጀርመን ውስጥ ማግኘት ከሄክል በጣም ይቀላል፤ ቤቱም አልተዘጋም፣ ዕቃውን የሚያውቁ ጠጋኞችም ብዙ ናቸው። ይሄኛው ምክንያት ብቻውን ለብዙዎቻችን ይበቃል።

አዲስ መግዛት

በ1970ዎቹ የቪየናዎቹ ሄክሎች እያረጁ ሲመጡ፣ ያማሃ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ተጫዋቾች ጋር ሆኖ የድሮዎቹን መሣሪያዎች መነሻ በማድረግ አዲስ ሮታሪ መሥራት ጀመረ። ጃፓን ውስጥ የተሠራ መሣሪያ የድሬስደንን ድምፅ ይዞ ቪየና መድረክ ላይ ወጣ። በኋላ ኦስትሪያ ውስጥ ማንክ የምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ሻገርል ገነነ፤ የቀድሞው የቪየና ፊልሃርሞኒክ ትራምፔተኛ ሃንስ ጋንሽ ስሙን የሰጠው ሞዴል በጣም የታወቀ ነው። ብሬመን ላይ ደግሞ ታይን ወንድማማቾች አሉ፣ በእጅ የሚሠሩ፣ ዋጋቸው የሚያስደነግጥ።

አዲስ መግዛት ትልቁ ጥቅሙ ቅኝቱ ነው። የዛሬ መሣሪያ ለዛሬ ቅኝት ተሰልቶ ነው የሚሠራው፣ የድሮው ግን ለዘመኑ። ሁለተኛው ቫልቭ ነው፤ አዲስ ሮተር በጣም ጸጥ ይላል፣ አየር አያሳልፍም። ሦስተኛ፣ የሦስተኛው ቫልቭ ስላይድ (ወጣ ገባ የሚለው ቱቦ) በጣት የሚገፋ ማስረዘሚያ ይኖረዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንደኛና ሦስተኛ ቫልቭ አንድ ላይ ሲጫኑ፣ ይልቁንም ሦስቱም ሲጫኑ፣ ቱቦው ከሚገባው ያጥራል፣ የታችኛው ሬና ዶ ሻርፕ ወደ ላይ ይወጣሉ። ፒስተን ላይ ስላይዱን ገፋ አድርገን እናስተካክለዋለን። ብዙ የድሮ ሮታሪዎች ላይ ይህ የለም፣ በከንፈር ነው የሚወርደው።

ጉዳቱ ዋጋው ነው። በፕሮፌሽናል ደረጃ የሚሠራ አዲስ ሮታሪ ብዙ ሺህ ዩሮ ነው፣ ለማዘዝም መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ደግሞ በጣም የተስተካከለ አዲስ መሣሪያ ላይ አንዳንዴ የሚጎድል ነገር አለ። ሁሉ ኖታ እኩል ነው፣ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን የሄክልን ያህል ጆሮ አይዝም። ይህ የእኔ ጆሮ ነው። እናንተ ጎን ለጎን ነፍታችሁ ፍረዱ።

ረከስ ያሉት

ቼክ ውስጥ ሁለት ስም አለ። ቸርቬኒ በ1842 ህራዴጽ ክራሎቬ ላይ የተመሠረተ ጥንታዊ ቤት ነው። አማቲ ክራስሊጼ ላይ ነው፤ ከተማዋ ለመቶ ዓመታት በነሐስ መሣሪያ ሥራ የኖረች ናት። ከምሥራቅ ጀርመን ዘመን ደግሞ ቬልትክላንግ የሚል ስም ያለበት ብዙ ሮታሪ ገበያ ላይ አለ፤ ከማርክኖይኪርሸን አካባቢ የወጣ።

እነዚህ እንደ ዕድል ናቸው። አንዱ ጥሩ ይወጣል፣ ጎኑ ያለው ወንድሙ አይነፋም። ሮታሪ ይሆነኛል ወይስ አይሆነኝም የሚለውን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱን በርካሽ ገዝቶ ጥቂት ወር መንፋት ብልህነት ነው። አያያዙን ትለምዳላችሁ፣ ጣታችሁ መጫኛውን ይለምዳል። ስትሸጡትም ብዙ አትከስሩም። ከዚህ ተነስታችሁ ሄክል ምን እንደሚመስል ግን አትገምቱ። ግንኙነት የላቸውም።

ያገለገለ ስትገዙ እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ሄክልም ሆነ ሞንከ ዋጋው የሚወሰነው እዚህ ነው።

ከሮተሩ ጀምሩ። የአንደኛውን ቫልቭ ስላይድ ቫልቩን ሳትጫኑ ትንሽ ወደ ውጭ ሳቡት፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ከዚያ ቫልቩን ተጫኑ። «ፖፕ» ብሎ አየር ከተነፈሰ ሮተሩ አየር ይይዛል። ዝም ካለ አየሩ አስቀድሞ ሾልኳል፣ ማለትም ሮተሩ አልቋል። በሦስቱም ድገሙት። ይህ ለፈተና ብቻ ነው፤ በየቀኑ ስላይድ ስታወጡ ግን ሁልጊዜ ቫልቩን ተጭናችሁ አውጡ። ያለቀ ሮተር ያለው መሣሪያ ድምፁ ይደክማል፣ ከፍተኛው ክፍል ይጠፋል፣ ተጫዋቹም ጥፋቱን ከከንፈሩ ይፈልጋል። ማስተካከያው ሮተሩን በብረት መልበጥና እንደገና ቤቱ ውስጥ ማስማማት ነው። ይቻላል፣ ግን ውድ ነው፣ የሚያውቅ እጅም ይጠይቃል።

ቀጥሎ ድምፅ ስሙ። መጫኛዎቹን ሳትነፉ በፍጥነት ተጫኑ። ቀጭን የብረት መንቋቋት ከሰማችሁ አትደንግጡ፤ መጫኛውን ከሮተሩ የሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች ልል ሆነው ነው፣ ርካሽ ጥገና ነው። ነገር ግን የሮተሩን ክንድ በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስታወዛውዙት ሮተሩ ራሱ ከቦታው የሚነቃነቅ ከሆነ፣ የሚሽከረከርበት መሠረት ነው የተበላው። ሁለቱን መለየት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የቫልቩን የኋላ ክዳን ንቀሉ። ውስጥ፣ የሮተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ጭረት አለች፤ ዙሪያው ባለው ሳህን ላይ ደግሞ ሁለት። ቫልቩ ሲያርፍ ከአንዱ ጋር፣ ሲጫን ከሌላው ጋር ቀጥ ማለት አለባት። ካለፈች ወይም ካልደረሰች፣ ሮተሩን የሚያቆሙት ትንንሽ ቡሽ ወይም ጎማዎች አልቀዋል ማለት ነው። የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያስቀው፣ ባለቤቱ «ይሄ ትራምፔት ዘግቷል» ብሎ የሸጠው መሣሪያ በሁለት ቁራጭ ቡሽ ሲከፈት ማየት ነው።

ሊድፓይፑን፣ ማውዝፒሱ (ከንፈር የሚያርፍበት ክፍል) የሚገባበትን የመጀመሪያውን ቱቦ፣ በጥሩ ብርሃን እዩት። ቢጫው ነሐስ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ፣ መሃሏ ጠቆር ያለች ካያችሁ፣ ብረቱ ከውስጥ እየተበላ ነው። ምራቅና እርጥበት ዚንኩን እየጠረገ ያወጣውና መዳቡ ብቻ ይቀራል። ከውጭ የታየው ነጠብጣብ ከውስጥ የመጣ ነው። ቱቦው መለወጥ ይችላል። ግን ሄክል ላይ ከሆነ የምትገዙት ዋናው ነገር ሊድፓይፑና ቤሉ ስለሆነ፣ ግማሹን አጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ለሻጩ ሁልጊዜ ይህን ጠይቁ፦ ሊድፓይፑ የመጀመሪያው ነው ወይስ ተለውጧል?

ቤሉን ወደ መስኮት አዙሩት። ብርሃኑ ላዩ ላይ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፤ ከተንቀጠቀጠ ተሰርጉዶ የተቃና ቦታ ነው። ጣታችሁን ከክራንሱ ሥር ዙሪያውን አስኪዱት፣ የለቀቀ ቦታ ካለ ሲነፋ ይንዘረዘራል። ጽሑፉን አንብቡ። ፊደሎቹ ደብዝዘው ከሆነ ለዓመታት በፖሊሽ ተፍቋል፣ ከስሱ ብረት ላይ ደግሞ ሌላ ብረት ሄዷል። በእኔ እምነት የጠቆረና ያልተነካ መሣሪያ ከሚያብረቀርቅ ይሻላል። የሚያብረቀርቅ አሮጌ ትራምፔት ላይ አንድ ሰው መፋቂያ ማሽን ይዞ ነበር።

ቅኝቱ፣ ከሁሉ በላይ

ብዙ ገዢ የሚወድቀው እዚህ ነው። የአውሮፓ ቅኝት በታሪኩ አንድ ሆኖ አያውቅም። በ1859 ፈረንሳይ ላን 435 ኸርዝ ላይ ወሰነች፣ በ1885 ቪየና ላይ የተደረገው ጉባኤም ይህንኑ ተቀበለ። 440 ዓለም አቀፍ ስምምነት የሆነው በ1939 ነው። ዛሬ ጀርመንና ኦስትሪያ ያሉ ብዙ ኦርኬስትራዎች 443 አካባቢ ይቃኛሉ። ወታደራዊ ባንዶች ደግሞ ድሮ ከዚህ ሁሉ ከፍ ያለ ቅኝት የተጠቀሙበት ጊዜ ነበር።

ምን ማለት ነው? ለ435 የተሠራ ትራምፔት ቱቦው ረጅም ነው። ዋናውን የቅኝት ስላይድ ሙሉ በሙሉ ብታስገቡትም 443 ላይደርስ ይችላል። ማስረዘም ቀላል ነው፣ ማሳጠር አይቻልም፤ መቁረጥ ካልሆነ በቀር። ዋናውን ስላይድ ከቆረጣችሁ ደግሞ የእያንዳንዱ ቫልቭ ስላይድ ከእሱ ጋር መመጣጠን አለበት፣ አለበለዚያ ክፍት ኖታው ይስተካከላል፣ ቫልቭ የተጫነበት ይዛባል። ስለዚህ መቃኛ ይዛችሁ ሂዱ። ስልክ ላይ ያለውም ይበቃል። መሣሪያው ሞቅ እስኪል ነፉት፣ ከዚያ ስላይዱን ሙሉ አስገብታችሁ መካከለኛውን ሶል ያዙ። ለምትነፉበት ቦታ የሚበቃ ከፍታ ካላገኛችሁ፣ ስሙ የፈለገውን ይሁን ተዉት። ከዚያ የተቆረጠ መሆኑንም እዩ፤ የስላይዶቹ ጫፍ እኩል ያልሆነ፣ ብየዳው አዲስ የሆነ መሣሪያ አንድ ጊዜ መጋዝ አይቷል። በትክክል የተቆረጠ ከሆነ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ሥራው አልቆላችኋል።

ቢ ፍላት ወይስ ሲ?

እነዚህ የትራምፔቱ መሠረታዊ ቅኝቶች ናቸው፤ ሲው አጠር ይላል፣ ድምፁም ከቢ ፍላቱ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ጀርመን ኦርኬስትራ ውስጥ ለመንፋት ከሆነ ቢ ፍላት። የጀርመን ኦርኬስትራ የትራምፔት ክፍሎች የሚኖሩበት መሣሪያ እሱ ነው፣ የሮታሪው ሙላት ሙሉ በሙሉ የሚሰማውም በእሱ ላይ ይመስለኛል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ኦርኬስትራ ላይ ሲ ፒስተን የለመዳችሁ ከሆነ ግን ሲ ሮታሪ ብትገዙ ጭንቅላታችሁ አይደናገርም፤ አብዛኛው አሜሪካዊም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ማውዝፒሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የድሮ መሣሪያ ላይ መግቢያው ለዛሬው ማውዝፒስ ላይስማማ ይችላል፤ ቢወዛወዝ ወይም ጠልቆ ባይገባ ድምፁንም ቅኝቱንም ያበላሻል፣ እናንተም መሣሪያውን ትወቅሳላችሁ። ከተስማማም በኋላ ጉሮሮው ሰፋ ያለ፣ ጥልቀት ያለው ማውዝፒስ ሮታሪ ላይ የተሻለ ይሄዳል። ለደማቅ ሙዚቃ የተሠራ ጥልቀት የሌለው ማውዝፒስ ይዛችሁ ሄክል ብትሞክሩ ሄክልን አልሞከራችሁትም። ሚዩትም (ቤሉ ውስጥ የሚገባውን ድምፅ ማፈኛ) አስቡ፦ የፒስተኑ ሚዩት በሰፊው ቤል ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ወይም አይይዝም። የራሱን መግዛት ይኖርባችኋል።

ፒስተኑን ይዞ መቆየት

የምትነፉት ጃዝ፣ የሠርግ ባንድ፣ የስቱዲዮ ሥራ ከሆነ ሮታሪ አያስፈልጋችሁም። የእኛ ባንዶች የነሐስ ክፍል ሹል፣ ወደ ፊት የሚወጣ ድምፅ ይፈልጋል፤ ግማሽ ቫልቭ ተጭኖ የሚንሸራተተው ድምፅም ፒስተን ላይ ነው የሚያምረው። ሮታሪ ላይ ጃዝ አይነፋም ማለቴ አይደለም፤ ኦስትሪያዊው ቶማስ ጋንሽ ሻገርል በሠራለት ሮታሪ የሚያደርገውን የሰማ ሰው እንዲህ አይልም። ግን እሱ ከልጅነቱ በዚያ ያደገ ነው። ራቬልና ስትራቪንስኪም ቢሆኑ ለፒስተኑ ይቀላሉ።

ሮታሪው የሚያስፈልጋችሁ ብራምስ፣ ብሩክነር፣ ማህለር፣ ሽትራውስ የምትነፉ ከሆነ ነው፤ ወይም ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ ተምራችሁ ለኦርኬስትራ መፈተን ከፈለጋችሁ። እዚያ የኦርኬስትራ ፈተና ላይ ሮታሪ ይጠበቅባችኋል፣ ፒስተን ይዞ መግባት አያዋጣም።

ከወሰናችሁ በኋላ ለሻጩ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ለጥቂት ቀን ወስጄ ልሞክረው? ጀርመን ውስጥ ብዙ ሱቆችና ብዙ ግለሰቦች ማስያዣ ተቀብለው ይፈቅዳሉ። ቤት ብቻችሁን አትንፉት፤ ክፍል ውስጥ ሁሉም መሣሪያ ያምራል። ትሮምቦን የሚነፋ ጓደኛ ፈልጉ፣ ሰፋ ያለ አዳራሽ ግቡ፣ ሌላ ሰው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስማላችሁ። ከዚያ ወደ ጠጋኝ ውሰዱትና ሦስቱን ሮተሮች አውጥቶ እንዲያይላችሁ ክፈሉት። ሻጩ ይህን ሁሉ ከከለከለ፣ ቤሉ ላይ ሄክል ተጻፈም አልተጻፈም፣ መልሱለት።